ውሸት የተባለው ቤተ መንግሥት

በድል ቀን ከምንጩ የሚፈልቀው ውኃ ሳይሆን ወይን ጠጅ ነበር፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ። ምንጩ ከቀይ እብነ በረድ የተጠረበ ነው። ወይኑን ከበላይ፣ ከኮረብታው ግርጌ ሆነው በቧንቧ ይለቁታል፤ ታች ግቢው ውስጥ ሰዉ ይቀዳል። ቤቱ ከ350 የሚበልጡ ክፍሎች አሉት። አራት ነገሥታት ከነጭፍራቸው በአንድ ቀን ቢመጡበት ሁሉንም ተቀብሎ ያሳድራል።

ይህን እኔ አላልኩም። ያለው ሚክሎሽ ኦላህ የሚባል የሃንጋሪ ሰው ነው፤ በ1536 ጻፈው። (የምነግራችሁ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።) ኦላህ ሲጽፍ በአገሩ አልነበረም። ከ10 ዓመት በፊት የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን በሞሃች ሜዳ ላይ የሃንጋሪን ጦር ደምስሶታል። ወጣቱ ንጉሥ ላዮሽ ሲሸሽ ሞተ። ባሏ የሞተባትን ንግሥት ማሪያን ቆየት ብሎ ወንድሟ ኔዘርላንድን እንድታስተዳድር ሾማት፤ ኦላህም ጸሐፊዋ ሆኖ ተከተላት። እንግዲህ በሰው አገር ተቀምጦ፣ የቀረበትን አገር ተራራውን፣ ወንዙንና ቤተ መንግሥቱን እያነሣ በላቲን ቋንቋ ጻፈ።

ስደተኛ ስለ አገሩ ሲያወራ ይጨምራል ይባላል። ኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ኦላህን አጋኗል አሉት፤ ይባስ ብለው ቤተ መንግሥቱ ከነጭራሹ ስለመኖሩ የተጠራጠሩም ነበሩ። አልፈርድባቸውም። ቪሸግራድ ወደተባለችው መንደር ሄደው ሲያዩ ኮረብታው ጫፍ ላይ የፈረሰ ምሽግ አለ፤ ታች ወደ ዳኑብ ወንዝ ሲወርዱ ግማሹ የተናደ ግንብ አለ። በተረፈ የገበሬ ቤት፣ ጓሮና ቁልቁለት ነው። 350 ክፍል እንዴት አድርጎ ይጠፋል?

እንዴት እንደጠፋ ከመንገሬ በፊት እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ።

በ1241 ሞንጎሎች ሃንጋሪን አጥለቀለቋት። ንጉሡ ቤላ አራተኛ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሸሸ። በዓመቱ ሞንጎሎቹ እንደመጡ ተመልሰው ሲሄዱ ንጉሡ አመድ ወደሆነ አገር ገባ፤ ከዚያ በኋላ የያዘው ሥራ በየኮረብታው የድንጋይ ምሽግ ማሠራት ነበር። የቪሸግራዱን ምሽግ ግን ያሠራችው ሚስቱ ናት። ማሪያ ላስካሪና ትባላለች፤ የቢዛንታይን ንጉሥ የቴዎዶሮስ ላስካሪስ ልጅ። ከገዛ ጌጣጌጧ አውጥታ፣ ዳኑብ እንደ ክርን በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከቡዳ (ከዛሬው ቡዳፔስት) ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባዶ ተራራ ላይ አስገነባችው። ከምሽጉ በታች ደግሞ እስከ ወንዙ የሚወርድ ቅጥርና አንድ ትልቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ግንብ ተሠራ።

ያ ግንብ እስከ ዛሬ የሰለሞን ግንብ ይባላል። ንጉሥ ሰለሞን በአጎቱ ልጅ ታስሮ የማቀቀበት ነው ይላል ሕዝቡ። ሰለሞን በእርግጥ በ11ኛው መቶ ዘመን ቪሸግራድ ታስሯል። ግንቡ ግን የተሠራው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ባልተሠራ ግንብ ማን ይታሰራል? ስሙ ግን አልለቅ ብሎ ቀረ።

በ1323 ካሮይ ሮበርት የሚባለው ንጉሥ ከመኳንንቱ ጋር ዓመታት ተዋግቶ አሸነፈና መናገሻውን ወደ ቪሸግራድ አዛወረ። ካሮይ ዘሩ ከኔፕልስ የነገሥታት ቤት ነው፤ አገሩን በወርቅ ማዕድን ያበለጸገ፣ ብልህ፣ ጨካኝም ነበር። በኮረብታው ግርጌ፣ በከተማው መካከል መኖሪያውን ሠራ። የታሪካችን ቤተ መንግሥት እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

ጅማሬውም በደም ነው።

ኤፕሪል 17 ቀን 1330 ንጉሡ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥና ሁለት ትናንሽ ልጆቻቸው ምሳ ቀርበዋል። ፌሊሲያን ዛህ የሚባል ባላባት ገባ። ቀድሞ የንጉሡ ጠላት የነበረ፣ ኋላ ገብቶ የታመነ ሰው ነው፤ ማንም አላገደውም። ከማዕዱ ፊት ሰይፉን መዘዘ። ንጉሡን ቀኝ እጁ ላይ አቆሰለው፤ ንግሥቲቱ እጇን ብትሰነዝር አራት ጣቶቿን ቆረጣት። ወደ ልጆቹ ሲዞር ሞግዚቶቻቸው ሮጠው መካከል ገቡ፤ ልጆቹ አመለጡ። ያኖሽ ቸሌኒ የሚባል የንግሥቲቱ የማዕድ ቤት ሹም ከኋላ ደርሶ በጩቤ ወጋው፤ ዘበኞቹ ጨረሱት።

ለምን? ሕዝቡ የሚያወራው፣ የንግሥቲቱ ወንድም የፖላንዱ ካዚሚር የፌሊሲያንን ልጅ ክላራን አስነውሯት ነው፤ እኅቱም ረድታዋለች ይላል። ፖለቲካ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ንጉሡ የአጥቂው መሞት አልበቃውም። የፌሊሲያን ወንድ ልጅ በፈረስ ጭራ ታስሮ ተጎተተ። ክላራን አፍንጫዋንና ከንፈሯን፣ የእጆቿንም ጣቶች ቆርጠው በየከተማው አዞሯት። ፍርዱ እስከ ሦስተኛ ትውልድ ድረስ ዘመዶቹ ሁሉ እንዲሞቱ ወሰነ። ካሮይን ታላቅ ንጉሥ የሚሉት የታሪክ መጻሕፍት ይህንን ገጽ በፍጥነት ያልፉታል፤ እኔ ማለፍ አልፈለግሁም።

በአምስት ዓመቱ፣ በ1335 ኖቬምበር፣ ያው ካሮይ ሌላ ዓይነት ማዕድ ዘረጋ። የቦሔሚያው ንጉሥ ዮሐንና የፖላንዱ ካዚሚር ሊታረቁ ቪሸግራድ መጡ። አዎን፣ ያው ስሙ የተነሣው ካዚሚር፤ አሁን ነግሧል። የቦሔሚያው ንጉሥ የፖላንድ ዘውድ ይገባኛል ሲል ኖሯል፤ ካዚሚር 20 ሺህ ስልሳ የፕራግ ግሮሽ ሊከፍለው፣ እሱም ይገባኛል ማለቱን ሊተው ተስማሙ። ስልሳ ማለት ብር በስልሳ በስልሳ ይቆጠር ነበርና ነው፤ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ሳንቲም ማለት ነው። ዋስትናውም፣ አስታራቂነቱም፣ ግብዣውም የካሮይ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ለቦሔሚያው ንጉሥ ምሳ በየቀኑ 2,500 ዳቦ ይወጣ ነበር፤ ለፖላንዱ 1,500 ዳቦ። ወይኑ ደግሞ 180 በርሜል ነበር። ካሮይ ለዮሐን 50 የብር ማንቆርቆሪያ፣ ቀበቶ፣ ኮርቻ፣ የሰንጠረዥ ገበታም ሸለመው። ከዚህ ሁሉ ሽር ጉድ ጀርባ ደግሞ የነጋዴ ሒሳብ አለ። ቪየና በደጇ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ ዕቃህን እዚሁ ዘርግፈህ ሽጥ እያለች ታስገድድ ነበርና፣ ነገሥታቱ ቪየናን የሚዞር መንገድ ከፈቱ።

ካሮይ በ1342 እዚያው ቪሸግራድ ሞተ። ልጁም የልጁ ተተኪዎችም ቤቱን እያፈረሱ እያሰፉ ሠሩት፤ በኋላ መናገሻው ወደ ቡዳ ሲሄድ ቪሸግራድ የዕረፍት ቦታ ሆነ። የሃንጋሪ ቅዱስ ዘውድ ግን ላይኛው ምሽግ ውስጥ ቀረ። ያ ዘውድ የሌለው ንጉሥ፣ ሺህ ጊዜ ቢቀባ፣ ለሃንጋሪዎች ንጉሥ አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አሁን የምነግራችሁ ሌብነት ያለዚህ ትርጉም የለውም።

በ1439 መጨረሻ ንጉሥ አልብረሽት ሞተ። ሚስቱ፣ እሷም ኤልሳቤጥ ናት፣ እርጉዝ ነበረች። መኳንንቱ ቱርክ ደጃችን ቆሞ በማኅፀን ካለ ልጅ ጋር ምን ልናደርግ ነው አሉና፣ የ15 ዓመቱን የፖላንድ ንጉሥ እንድታገባ አስጨነቋት። ንግሥቲቱ እሺ እያለች ቀን ገዛች። ወንድ ልጅ እንደምትወልድ ልቧ ነግሯታል። ዘውዱ ግን በሌሎች እጅ ነው። ስለዚህ የምታምናትን አንዲት ሴት ጠራች።

ሄለነ ኮታነሪን የንግሥቲቱ ልጅ ሞግዚት ናት፤ ባል ያላት፣ ልጆች ያሏት ሴት። ይህን ታሪክ የምናውቀው እሷ ራሷ በጀርመንኛ ስለተረከችው ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ ሴት ስለ ራሷ የተናገረችው እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው፤ ደግሞም ያለ ጌጥ፣ ልክ ጎረቤት ለጎረቤት እንደምታወራው ነው የምትናገረው። መጀመሪያ ስትጠየቅ ፈራች። ብያዝ እኔም ልጆቼም አለቀልን አለች። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ብቻዋን አትችለውም። አንድ የክሮኤሺያ ሰው ጠየቀች፤ ደንግጦ ጥሏት ሄደ። ሌላ ተገኘ። የዚህን ሰው ስም አትነግረንም፤ አውቃ ደብቃዋለች።

ሰበብ ተፈጠረ፤ ቪሸግራድ የቀሩትን የንግሥቲቱን ደንገጡሮች እሷ ወዳለችበት ወደ ኮማሮም ለማምጣት ነው ተባለ። ሄለነ በበረዶ ላይ በሚሄድ ተንሸራታች ሠረገላ መጣች፤ ያ ሰውና አገልጋዩ ሞረዶቹን በጫማቸው ውስጥ ደብቀው ተከተሏት። ሌሊቱ ከፌብሩዋሪ 20 ወደ 21፣ ዓመቱ 1440 ነው። ሴቶቹ ተኙ። ወንዶቹ ዘውዱ ወዳለበት ክፍል ገብተው መሞረድና ማቃጠል ጀመሩ። ሄለነ በሩ ላይ ተንበርክካ ትጸልያለች። ድንገት የጦር ትጥቅ የሚንኳኳ፣ ብዙ ሰው የሚተራመስ መስሎ ተሰማት። ሮጣ ለወንዶቹ ነገረች፤ ምንም የለም። ደግሞ ተሰማት። ማሪያዜል ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግሯ ልትሄድ ተሳለች። የኃጢአት ሥራ እየሠራች ተሳለች የሚል ሊኖር ይችላል፤ እሷ ግን ለሕጋዊው ወራሽ እየሠራሁ ነው ብላ ታምናለች።

ዘውዱ ወጣ። መዝጊያዎቹን መልሰው ቆለፏቸው፤ አዲስ ቁልፍ ገጠሙ፤ የንግሥቲቱን ማኅተም አተሙበት። ሞረዶቹን ሽንት ቤት ጣሏቸው። ከዚያ ከቅድስት ኤልሳቤጥ ጸሎት ቤት አንድ የቀይ ከፈይ ትራስ አምጥተው ስፌቱን ፈቱ፤ ላባውን አወጡ፤ ዘውዱን ከትተው ሰፉት። ሲነጋ ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ፤ ጓዝ ተጫነ፤ ትራሱም ተጫነ። በላዩ ላይ አሮጌ የላም ቆዳ ጣል አደረጉበት። ቆዳው ጭራው አልተቆረጠም ነበርና ከኋላ እየተጎተተ ሲሄድ ሰው ሁሉ አይቶ ሳቀ። ከሥሩ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘውድ አለ፤ ሰው ግን በላም ጭራ ይስቃል።

ዳኑብ በረዶ ሠርቷል፤ በረዶው አንዳንድ ቦታ ስስ ነው። ሲሻገሩ የደንገጡሮቹ ሠረገላ በረዶውን ሰብሮ ተገለበጠ፤ ጩኸት ሆነ። ሄለነ ዘውዱም እኔም አብረን ሰመጥን ብላ ነበር። ማንም አልሰመጠም። ማታ ኮማሮም ገቡ። በዚያው ሌሊት፣ ገና ጓዙ ሳይራገፍ ማለት ይቻላል፣ ንግሥቲቱን ምጥ ያዛት። ወንድ ወለደች። 12 ሳምንት ሲሞላው፣ ሜይ 15፣ ያ ሕፃን በሴኬሽፌሄርቫር በዚያ ዘውድ ነገሠ፤ ዘውዱ ከራሱ ላይ ሲያርፍ አለቀሰ።

የሕፃኑ ዕድል አላማረም፤ ዘውዱም በስተኋላ በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ እጅ ገባ። ከፍሬድሪክ በ80 ሺህ የወርቅ ፍሎሪን ያስመለሰው ማትያስ ኮርቪኑስ ነው። ኦላህ በናፍቆት የሚያወራለት ንጉሥ እንግዲህ መጣ።

ማትያስ በ1458 በ14 ዓመቱ ነገሠ፤ በ1490 ሞተ። መጽሐፍ ወዳድ፣ ጦረኛ፣ ትምክህተኛ ነበር። ድራኩላ እየተባለ ሲኒማ የተሠራበትን የዋላኪያውን ገዥ ቭላድን ያሰረውም እሱ ነው፤ ያሰረው ቪሸግራድ ነው የሚል ወሬ አለ፤ አስጎብኚዎች ይህን ወሬ ይወዱታል። በ1476 የኔፕልስን ንጉሥ ልጅ ቤአትሪስን ሲያገባ ግን ከሙሽራዪቱ ጋር የጣሊያን ጠቢባንና የጣሊያን ጥበብ መጡ። ማትያስ የቀድሞውን ቤተ መንግሥት ከመሠረቱ አላፈረሰም፤ በጥንቱ ግድግዳ ላይ አዲሱን የጣሊያን አሠራር አለበሰው። ግቢው ኮረብታውን ተከትሎ በእርከን በእርከን ይወጣል። በአንዱ እርከን ላይ የአንበሳ ምንጭ አለ፤ ከቀይ እብነ በረድ፣ በአንበሶች ላይ የቆመ፣ ዓመቱ 1483 የተቀረጸበት። በዋናው ግቢ ደግሞ ሄርኩለስ ብዙ ራስ ካለው እባብ ጋር የሚታገልበት ምንጭ ቆሞ ነበር። በዚያው በ1483 የመጣ አንድ የጳጳሱ መልእክተኛ ለሮም ሲጽፍ፣ ደብዳቤውን ከምድራዊቱ ገነት ከቪሸግራድ የተላከ ብሎ ነው የፈረመው። ልብ በሉ፤ ይህ ስደተኛ አይደለም፤ እንግዳ ነው፤ አጋኗል ለማለት ያስቸግራል።

ገነቲቱ ከንጉሡ ሞት በኋላ 54 ዓመት ቆየች። በ1544 ቱርኮች ቪሸግራድን ያዙ፤ የሰለሞን ግንብ ግማሹ የተናደው በዚያ ውጊያ ነው። ከዚያ ወዲህ በ140 ዓመት ውስጥ ምሽጉ በቱርክና በክርስቲያን ጦር መካከል እየተመላለሰ ተደበደበ። ታች ያለውን ቤት የሚጠግነው የለም። ጣሪያው ተደረመሰ፣ ዝናብ ገባ። ሃንጋሪ ከቱርክ እጅ ስትወጣ የሃብስበርጉ ንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ዐመፀኛ እንዳይመሽግበት ብሎ በ1702 የላይኛውን ምሽግ አስፈረሰ። ቀጥሎ ወደ ባዶው አገር ጀርመናውያን ሰፋሪዎች መጡ። ቤት መሥራት አለባቸው፤ የተጠረበ ድንጋይ ደግሞ በነፃ ተከምሯል። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ ለራበው ሰው የንጉሥ ፍርስራሽ ድንጋይ ነው። የቀረውን ኮረብታው ራሱ ጨረሰው፤ ጎርፍ አፈር እያወረደ ግቢውን ከነእርከኑ ቀበረው። ሰዉ በላዩ ቤት ሠራ፣ ጓሮ አለማ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ዮዤፍ ቪክቶሪን የሚባል የመንደሩ ቄስ ምሽጉ እንዳይጠፋ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ፤ የሰለሞንን ግንብ እንዲጠግን ፍሪጌሽ ሹለክ የተባለ አርክቴክት ተመደበ። ዛሬ ቡዳፔስት የሚሄድ ሁሉ ፎቶ የሚነሣበትን የዓሣ አጥማጆች ምሽግ የነደፈው ይኸው ፍሪጌሽ ነው። ልጁ ያኖሽም አርክቴክት ሆነ፤ ያኖሽ ግን የአባቱ ጥገና አልበቃውም፤ የጠፋውን ቤት መፈለግ ያዘ። የድሮ ጽሑፎችን ይዞ፣ ኦላህን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ተረት አባት ሳያይ፣ ቁልቁለቱን ያጠና ጀመር።

1934 ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በዲሴምበር ብርድ፣ ቁፋሮው ግድግዳ ነካ። ግድግዳውን ተከትለው ሲሄዱ ክፍል፣ ከክፍሉ ቀጥሎ ክፍል፣ ከዚያ እርከን፣ ከዚያ ግቢ። ቀይ እብነ በረድ ወጣ፤ የሄርኩለስ ስባሪ፣ የአንበሳ ስባሪ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁፋሮውን አቋረጠው፤ ከጦርነቱ በኋላ ቀጠለ፤ ከሹለክ በኋላ የመጡ አርኪዎሎጂስቶች አሁንም በዚያው ቦታ ይሠራሉ። ግቢው በወርዱም በቁመቱም 120 ሜትር ያህል የሚሰፋ ሆኖ ተገኘ። ተገኘ ማለቴ ታች ያለው ነው፤ ፎቁማ ወደ ገበሬው ቤት ግድግዳ ገብቷል። ክፍሎቹን 350 ብሎ የቆጠረ ሰው እጁ ትንሽ ከብዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ፣ ግቢው፣ እርከኑና ቀይ ምንጩ ግን ሁሉም እንዳለው ነው። ውሸታም የተባለው ጸሐፊ ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ በዶማ ተመሰከረለት። በነገራችን ላይ ኦላህ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1553 የኤስተርጎም ሊቀ ጳጳስ ሆኗል። ቪሸግራድ ግን ያኔ በቱርክ እጅ ነበረች።

በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1991 ሦስት መሪዎች እንደገና በቪሸግራድ ስም ተስማሙ፤ የፖላንዱ ሌህ ቫዌንሳ፣ የቼኮዝሎቫኪያው ቫትስላቭ ሃቬል፣ የሃንጋሪው ዮዤፍ አንታል። ከሶቪየት ጥላ የወጡ አገሮች ቦታውን የመረጡት የ1335ቱን ጉባኤ አስታውሰው ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ለሁለት ስትከፈል አራት ሆኑ፤ ዛሬ በዜና የቪሸግራድ ቡድን ሲባል የምትሰሙት እነዚህን ነው።

በ2000 ደግሞ መንግሥት የቤተ መንግሥቱን አንድ ክንፍና ዋናውን ግቢ አስጠግኖ አቆመው። ቅስቱ ሙሉ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ክፍሉ ውስጥ ምድጃው ሳይቀር ተተክሏል። ባለሙያዎቹ በተገኘው ስባሪ ላይ ተመሥርተው መሥራታቸው እውነት ነው። እኔ ግን እንዲህ ባለ ሥራ ግማሽ ልቤ ነው። ሰው ያልተሰበረ ነገር ሲያይ መሰበሩን ይረሳል፤ የዚህ ቤት ታሪክ ደግሞ ከመሠራቱ ይልቅ በመጥፋቱና በመገኘቱ ይበልጣል። እርከኖቹ ላይ ክፍት የተተወው ክፍል፣ ግድግዳው ከጉልበት የማይዘልለው፣ ለእኔ ከታደሰው ይሻላል።

ቡዳፔስት የምትደርሱ ካላችሁ አውቶቡስ አለ፤ በበጋ በዳኑብ ላይ ጀልባም ይሄዳል። መጀመሪያ ላይኛው ምሽግ ውጡ፤ ሄለነ ያደረችበት እሱ ነው፤ ከዚያ የወንዙ መታጠፊያ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ታች ቤተ መንግሥቱ ስትገቡ ደግሞ አስጎብኚውን የትኛው ድንጋይ የጥንቱ፣ የትኛው የ2000 እንደሆነ ጠይቁት። ደህና አስጎብኚ ከሆነ እያንዳንዱን ለይቶ ያሳያችኋል።